ደም ስለ ጾም አይመሰክርም

ጾም ኮሌስትሮልን ይቀንሳል የሚለው አባባል ዛሬ ከዐውደ ምሕረት እስከ ቴሌቪዥን ድረስ ይሰማል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰባኪው ከወንጌሉ ቀጥሎ ሐኪምን ይጠራል፤ ሐኪሙም በተራው ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ለ55 ቀናት ሲቀሩ ለልብና ለደም ሥር ምን ያህል እንደሚበጅ ያስረዳል። አድማጩ ደስ ይለዋል፤ አባቶቹ ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ላቦራቶሪ የደረሰበትን ማወቃቸው ያኮራዋል። ሃይማኖቱ በሳይንስ ሲመሰገን መስማት ማን ይጠላል? እኔ ግን ይህ ምስጋና ጾምን ከሚነቅፈው ሰው ይልቅ የሚጎዳው ይመስለኛል። በከፊል እውነት ነው፤ ግን መሠረት ሊሆን አይችልም፤ መሠረት ይሁን ከተባለም የጾምን ሚዛን ይገለብጠዋል። ይህን ለማየት አስቀድሞ ስብ በደም ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የቆመው በዚያ ላይ ነውና። ከዚያ ወዲያ ከጎንደር በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ኮሶዬ ክርክሩን ለመፈተን ትበቃለች።

ደም በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ስብ ደግሞ ከውሃ ጋር አይዋሐድም። የበላነው ቅቤ እንዳለ ወደ ደም ቢገባ ኖሮ ተጓጉሎ ቀጫጭን የደም ሥሮችን በደፈነ ነበር። አካል ይህን ችግር የሚፈታበት መንገድ ለሰው ዓይን መገለጥ የጀመረው ጎንደር ገና ሳትቆረቆር፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1622 ጋስፓሬ አሴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ጥቂት ቀደም ብሎ የበላ ውሻ ሆድ ከፍቶ ሲመለከት በአንጀቱ ዙሪያ ነጫጭ ክሮች ተዘርግተው አየ፤ አንዱን ሲበጣው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣው። ሌላ ውሻ ቢከፍት ክሮቹን አጣቸው፤ ያኛው አልበላም ነበር። እንግዲህ ስለ ደም ስብ ያለን እውቀት ገና ከጅምሩ ከጾም ጋር ተገናኝቷል፤ የጾመው ግን ውሻ ነው፣ ያውም በግዱ። እ.ኤ.አ. በ1651 ፈረንሳዊው ዣን ፔኬ ነጩ ፈሳሽ በደረት ውስጥ በሚያልፍ ቧንቧ ወጥቶ አንገት ሥር ካለው ደም መላሽ ሥር እንደሚገባ አሳየ። ከምግብ የተገኘ ስብ እንደ ስኳር በቀጥታ ወደ ጉበት አይሄድም፤ ዙሪያውን ዞሮ ልብ አጠገብ ከደም ይቀላቀላል። ዛሬ ዝርዝሩ ይታወቃል። የአንጀት ግድግዳ ስቡን በጥቃቅን ጠብታ ይሰበስብና ከውሃ ጋር በሚስማማ ሽፋን ይጠቀልለዋል፤ ይህ ጥቅል ካይሎማይክሮን ይባላል። ጮማ ከተበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም ፈሳሹ ክፍል ደፍርሶ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። በጡንቻና በስብ ማከማቻ ባሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የተተከለ ኢንዛይም ጥቅሉን እየፈታ ስቡን ለሕዋሳት ያድላል፤ ቅሪቱን ጉበት ይወስደዋል። ጉበት ደግሞ የራሱን ጭነት ቪኤልዲኤል በተባለ ጥቅል አድርጎ ይልካል። ያ ጥቅል ስቡን በየመንገዱ ካራገፈ በኋላ የሚቀረው በኮሌስትሮል የታጨቀው ኤልዲኤል ነው፤ “መጥፎው ኮሌስትሮል” እየተባለ የሚወገዘው። ኤችዲኤል የተባለው በበኩሉ ከሕዋሳት የተረፈውን ኮሌስትሮል ሰብስቦ ወደ ጉበት ይመልሳል፤ እሱም “ጥሩው” ተብሏል። ጻድቅና ኃጥእ መለየት የለመደ ሰው ለእነዚህም ስም ማውጣቱ አይገርምም፤ ሁለቱም ግን ተሸካሚዎች ናቸው። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስቲን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ሕዋሳት ኤልዲኤልን ከደም የሚይዙበትን ተቀባይ በማግኘታቸው ነው። ይህ ተቀባይ ከእናትም ከአባትም በተወረሰ ጉድለት የጠፋበት ልጅ አንድም ቀን ቅቤ ባይቀምስ የልብ ደም ሥሮቹ በልጅነቱ መጥበብ ይጀምራሉ።

እንግዲህ ሰው ሲጾም ደሙ ከስብ ነጻ ይሆናል ማለት አይቻልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምስ የቆየ ሰው ኢንሱሊኑ ዝቅ ይላል፤ የስብ ማከማቻው ይከፈታል፤ ከዚያ የወጣው ፋቲ አሲድ አልቡሚን በተባለ ፕሮቲን ተሸክሞ ወደ ጡንቻና ወደ ልብ ይጓዛል። ቅዳሴ ቆሞ በሚያስቀድስ ሰው ደም ውስጥ ይህ ዓይነቱ ስብ ጠዋት ቁርሱን ከበላው ጎረቤቱ ይልቅ ብዙ ነው። ኮሌስትሮልም ቢሆን አብዛኛውን አካል ራሱ ይሠራዋል፤ ከምግብ የሚገባው ሲያንስ ምርቱን ከፍ ያደርጋል። የሕዋስ ሽፋን፣ ሐሞትና በርካታ ሆርሞኖች ያለ እሱ አይሠሩም። ዕፅዋት ኮሌስትሮል የላቸውም ማለት ስለሚቻል ጥሉላትን የተወ ሰው ከምግቡ የሚያገኘው ከምንም አይቆጠርም፤ ደሙ ግን ባዶ አይሆንም፤ ቢሆን ኖሮ በሕይወት አይኖርም ነበር። ጾም ደምን ከስብ ያነጻል የሚለው ስብከት ስለዚህ እንደ ፊዚዮሎጂ ስሕተት ነው። የሚለወጠው የስቡ ምንጭ ነው፤ ትናንት ከገበታ ይመጣ የነበረው ዛሬ ከራስ ጎተራ ይወጣል።

ይህን ስል የሐኪሞቹን ቃል ሐሰት ማለቴ አይደለም። የቅቤና የጮማ ዓይነቱ፣ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ስብ፣ በጉበት ላይ ያሉትን የኤልዲኤል ተቀባዮች ያሳንሳል፤ እሱ ሲቀር ተቀባዮቹ ይበረክታሉ፤ በደም ያለው ኤልዲኤልም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በግሪክ ደሴት በቀርጤስ 60 ኦርቶዶክሳውያን ጿሚዎችን ከ60 ያልጾሙ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በጾሞቹ ማብቂያ ላይ የጿሚዎቹ ጠቅላላ ኮሌስትሮል ከሌሎቹ በ12 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ አግኝቷል። የእኛ ጾም ከእነሱ ስለሚበዛ ውጤቱ ቢያንስ ተመሳሳይ ሊሆን ይችላል ብሎ መገመት አያስነቅፍም። ነገር ግን የጾም ሕግና የደም ሕግ አንድ አይደሉም። ፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ነው፤ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል፤ በጾም ግን አይከለከልም። በፋብሪካ እንዲረጋ የተደረገ የአትክልት ዘይት ከቅቤ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ኤልዲኤልን እየጨመረ ኤችዲኤልን ይቀንሳልና። እሱም “የጾም” ነው። ስኳሩ የበዛ የጾም ኬክና ለስላሳ መጠጥ ጉበት ውስጥ ገብቶ ትራይግሊሰራይድ የተባለ ስብ ይሆንና በቪኤልዲኤል ተጭኖ ይወጣል፤ ጾሙን ግን አያፈርስም። በአንጻሩ ስብ የሌለው የእንቁላል ነጭ ወይም ቅባቱ የወጣለት አጓት ጾም ያስገድፋል። ሕጉን የሠሩት አባቶች ዓላማቸው የደም ስብ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይስቱም ነበር። አልሳቱም፤ የሚፈልጉት ሌላ ነገር ነበር።

ወደ ኮሶዬ እንውጣ። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ብርዳም ደጋ ነው፤ ሕዝቡ ገብስና ባቄላ ያርሳል፣ በግ ያረባል። የሕዝቡን ጤና በተመለከተ ኮሶዬ ከብዙ የገጠር ቀበሌዎች ይልቅ ትታወቃለች፤ በቀድሞው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያገለገሉት ዴኒስ ካርልሰን ከአንድሩ ካርልሰን ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2007 ያለውን የቀበሌዋን የጤና፣ የሀብትና የቤተሰብ ታሪክ የያዘ መጽሐፍ በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አሳትመዋል። የቀበሌዋ ቤተሰቦችም በየጓሯቸው አትክልት እንዲያለሙ የሚያግዝ ሥራ ተጀምሯል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያሳስበው ነገር የልጆች መቀጨጭና የምግብ ማነስ ነው፤ በኮሌስትሮል የተደፈነ የደም ሥር አይደለም። የጓሮው ካሮትና ጎመን ራሱ ስለ ስብ ጉዞ የሚናገረው አለ። በእነሱ ውስጥ ያለው ለቪታሚን ኤ መሥሪያ የሚሆነው ቀለም በውሃ አይሟሟም፤ ወደ አካል የሚገባው ከቅባት ጋር በካይሎማይክሮን ተጭኖ ነው። ምንም ቅባት ያልነካው ካሮት አብዛኛውን ሲሳዩን ሳይሰጥ ያልፋል። ቪታሚኑ ያነሰው ልጅ ማታ ማታ ዓይኑ ይጨልምበታል፤ ዳፍንት የሚባለው ነው። ስለዚህ ለኮሶዬ ሕፃን አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ መድኃኒት ነው። በደጋ ቤት ደግሞ ቅቤ ከማጀት ይልቅ ገበያ የሚያይበት ጊዜ ይበዛል።

አሁን ሁለት ጿሚዎችን እናስብ። አንዱ አዲስ አበባ የሚኖር፣ ሥጋ ከገበታው የማይጠፋ፣ መኪናው ከደጁ የምታነሣው ነጋዴ ነው። ሌላው በዓመት ውስጥ ሥጋ የሚቀምሰው በፋሲካ፣ በመስቀልና በሠርግ ብቻ የሆነ የኮሶዬ ገበሬ ነው። ሁለቱም ሑዳዴን ጾሙ። የጾም ዋጋ የሚለካው በደም ስብ ከሆነ የነጋዴው ጾም ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ የሚቀነስለት አለው። የገበሬው ጾም ግን ዋጋ የለውም፤ የሚቀነስ አልነበረውምና። እንዲያውም አካሉን የሚያደክም ከሆነ ባይጾም ይሻለው ነበር ማለት ይመጣል። ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ከባለጸጎቹ በላይ ያስቀመጠው ወንጌል ይህን ሚዛን እንዴት ይቀበለዋል? ያላትን ሁሉ ስለ ሰጠች ተመሰገነች እንጂ ገንዘቧ መቅደሱን ስለ ጠቀመ አይደለም። የኮሌስትሮሉ ስብከት ሳያውቀው ጾምን የጠጋቢዎች ሕክምና ያደርገዋል፤ የኮሶዬ ጿሚ በዚህ ስብከት ውስጥ ቦታ የለውም። የእኔ ዋናው መከራከሪያ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማጠናከሪያ ነው።

ማጠናከሪያውን ራሱ ትውፊቱ ይሰጠናል። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲናገር ዓላማውን ከኃጢአት ስርየት፣ ለሕግ ሰጪው ከመታዘዝና ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንድትገዛ ከማድረግ ጋር ያያይዘዋል፤ ስለ ጤና አያነሣም። ከዚያ የሚበልጥ ግን አለ። በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናዎች ዐቢይ ጾምን፣ ረቡዕንና ዓርብን የማይጾምን ካህን ከሹመቱ ሲሽሩ፣ ሕመም ያገደውን ነጻ ያደርጋሉ። ጾም መድኃኒት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ለታመመ ነበር። መድኃኒትን ከታማሚ የሚከለክል ሐኪም የለም። ሕጉ በሽተኛውን ነጻ ያወጣው ጾም ከጤነኛ የሚጠየቅ መሥዋዕት ስለሆነ ነው። እነዚሁ ቀኖናዎች ሥጋንና ወይንን ለተጋድሎ ሳይሆን እንደ ርኩስ በመጸየፍ የሚተወውን ያወግዛሉ፤ በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጋንግራ ጉባኤም ሥጋ በእምነት የሚበላውን ሰው የሚኰንን የተወገዘ እንዲሆን ወስኗል። ቅቤ መርዝ ነው ብሎ ከቅቤ የሚርቅ ሰው ለራሱ ይጠንቀቅ፣ መልካም ነው፤ እሱ ግን ምንም አልሠዋም። መርዝ አለመጠጣት መሥዋዕት አይባልም። ኦሪት ዘሌዋውያን በ3ኛው ምዕራፍ ስብና ደምን ባንድነት ከሰው ገበታ አንሥቶ ለእግዚአብሔር ሲለይ፣ ዛሬ አንዳንዶች እንደሚሉት ስብ ጎጂ መሆኑን ቀድሞ ስላወቀ አይደለም። ጎጂውን ለመሠዊያ ማን ያቀርባል? ስቡ የተለየው ከሁሉ የላቀው ክፍል ስለሆነ ነው። በግዕዙ ቁጥር 108ኛ በሆነው መዝሙርም ዳዊት በጾም ጉልበቱ መድከሙንና ሥጋው ቅባት አጥቶ መክሳቱን የሚያነሣው እንደ መከራ ነው፤ በዚያ ራሱን እንኳን ደስ አለህ አይልም።

ከሚነሡት ተቃውሞዎች ጠንካራው ሰውነት የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፣ ስለዚህ ስለ ጤና መናገር ራሱ መንፈሳዊ ነው የሚለው ነው። ትክክል ነው፤ ቤተ መቅደስን መጠበቅ ግን የዘወትር ግዴታ ነው። ኤልዲኤል በደም ውስጥ የሚቆየው ሁለትና ሦስት ቀን ያህል ነው፤ በየጊዜው በአዲስ ይተካል። በ55 ቀን የወረደው ቁጥር ከፋሲካ በኋላ በዶሮ ወጡ፣ በቁርጡና በክትፎው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። እንደ ሕክምና ከታየ ጾማችን መጥፎ ሕክምና ነው፤ መለስተኛ ሆኖ ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ልከኝነት ይበልጠዋል። ሁለተኛው ተቃውሞ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች ናቸው፤ ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ቀምሰው በዐሥር ቀን ፊታቸው ከሌሎቹ አምሮ ታየ። እነሱ ግን የንጉሡን ማዕድ የተዉት እንዳይረክሱ ነው እንጂ ፊታቸው እንዲያምር አልነበረም፤ የፊታቸው ማማር የፈራውን አለቃ ለማሳመን የተሰጠ ምልክት ነው። ያው ዳንኤል በ10ኛው ምዕራፍ ሦስት ሳምንት ሥጋና ወይን ሳይቀምስ ሲያዝን ስለ ጤናው የተነገረ ቃል የለም። ሦስተኛው ተቃውሞ ዘመንኛ ነው፦ ወጣቱ በኮሌስትሮል ስም መጥቶ ቢጾም ምን ይጎዳል፣ ኋላ ትርጉሙን ይረዳል ይባላል። እኔ ግን በዚህ በር የገባ ሰው በዚሁ በር ይወጣል ብዬ እፈራለሁ። ኮሌስትሮሉን በቀን አንድ እንክብል በሚያወርድ መድኃኒት ማስተካከል ይቻላል፤ እንክብሉ ከሑዳዴ ይልቅ ቀላልም ፍቱንም ነው። ያኔ ወጣቱ ለምን ይጾማል?

ይህን ጥያቄ በግልጽ የጠየቀው የዛሬ ሰው ብቻ አይደለም። ከጎንደር በስተደቡብ በምትገኘው እንፍራዝ የኖረው ዘርአ ያዕቆብ፣ በስሙ በሚታወቀው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሐተታ ውስጥ (የጽሑፉ ባለቤት ማን እንደሆነ ሊቃውንት ቢከራከሩም) ዛሬ ብላ ነገ አትብላ የሚል ሕግ ከእግዚአብሔር ሊሆን አይችልም ይላል፤ ክርስቲያኑንም እስላሙንም አንድ ላይ ይነቅፋል። በእሱ ዘንድ ልቡና የሚያዘው ጤናንና ተፈጥሮን የማይጎዳውን ሁሉ በየቀኑ ለኑሮ በሚበቃ መጠን መብላትን ነው። የኮሌስትሮሉ ሰባኪ ዘርአ ያዕቆብን የሚቃወም ይመስለዋል፤ ግን ዋናውን ነጥብ አስቀድሞ አስረክቦታል። ሁለቱም ዳኛው ጤና ነው ይላሉ፤ የሚለያዩት በምስክር ብቻ ነው። ዳኛው ጤና ከሆነ ደግሞ፣ ከላይ እንዳየነው፣ የሚረታው ዘርአ ያዕቆብ ነው። ለእሱ የሚገባው መልስ ሌላ ነው። ደም ረቡዕን ከማክሰኞ አይለይም፤ ይህ እውነት ነው፤ ጉበትም ፍልሰታ መግባቷን አያውቅም። ቀኑን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው፤ ያውም ባንድነት። የጾም ቀን የማንም ምርጫ ባለመሆኑ ነው የኮሶዬ ገበሬና የአዲስ አበባው ነጋዴ በዚያ ቀን አንድ ዓይነት ሽሮ የሚቀርብላቸው። ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፉ ጾምን እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ ጋር ያሰረውም ለዚህ ነው፤ የጋራ ቀን ባይኖር የአንዱ መተው ለሌላው አይደርስም ነበር። ደግሞም ዘርአ ያዕቆብ ራሱ ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ በዋሻ ሲኖር መዝሙረ ዳዊቱን አልጣለም፤ ይጸልይ ነበር። ጸሎት የደም ስብ አይቀንስም፣ ሆድም አይሞላም። ለሥጋ በሚሰጠው ጥቅም የማይለካ ሥራ ልቡና ያለው ሰው ሊሠራ እንደሚገባው በገዛ ኑሮው ካመነ፣ ጾምን ብቻ በጤና ሚዛን ላይ ማስቀመጡ ከራሱ ጋር አያስማማውም።

ስለዚህ ለሰባክያን የምለው አጭር ነው፤ ኮሌስትሮሉን ለሐኪም ተዉት። የደም ስቡን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሆስፒታል ሄዶ ይመርመር፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የአውሮፓ ባለሙያዎች ለተለመደው የስብ ምርመራ በባዶ ሆድ መምጣት እንኳ ግድ አይደለም ብለዋል፤ ቁጥሩ ከፍ ካለም ጾም ሲፈታም በፍስኩም ወራት ይጠንቀቅ። ከዐውደ ምሕረት መነገር ያለበት የጤና ቃል አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ከኮሌስትሮል ይልቅ ኮሶዬን ለመሰለ ደጋ የሚበጅ ነው። ሕጉ ለታመመ የሰጠው ፈቃድ አለ፤ ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ግን የንስሐ አባት ሊፈቅድላቸው ሲችል ሳይጠይቁ ወይም ሰው ምን ይለኛል ብለው ሲጾሙ ማየት የተለመደ ነው። ካህናት ይህን ፈቃድ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድመው በጉባኤ ፊት ያውጁት፤ ባሎችና አማቶችም ባሉበት ይሁን።